ፓንክ ሮክ በኤሌክትሪክ ጊታር ለመማር ለምታስቡ፦ እኔን የበላኝ እናንተን እንዳይበላችሁ

መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ዲስቶርሽን ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ሣጥን፣ ነው፤ ጊታሩ ገና ሳይኖረኝ። የፓንክ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ሣጥን የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ፓንክ ያለው ቀኝ እጅ ላይ መሆኑ ነው። ቀጥሎ የግራ እጅ ማፈን ይመጣል፣ ከዚያ በደንብ የተስተካከለ ጊታር፣ ከዚያ ንጹሕ መብራት፤ ፔዳሉ መጨረሻ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ስለሄድኩ ገንዘቤም ጊዜዬም ባከነ። ደሴም ሁኑ ወልዲያ፣ ሐይቅም ሁኑ ከሚሴ፣ አጠገባችሁ የጊታር መምህርም ጠጋኝም ከሌለ የሚከተለው ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

ጊታር ስትመርጡ ከቀለሙም ከስሙም በፊት ሁለት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛው ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) አጠገብ ያለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት፣ ነው። ሲንግል ኮይል የሚባለው ቀጭን ነው፤ ሃምበከር የሚባለው ደግሞ ሁለት ቀጭኖች ጎን ለጎን የተጣበቁ ያህል ሰፋ ይላል። ሃምበከር ውስጥ ሁለቱ የሽቦ ጥቅሎች የሚሠሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ከመብራት መስመር የሚገባውን እዝ የሚል ድምፅ እርስ በርስ ያጣፉታል። ሴዝ ላቨር የተባለው የጊብሰን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው ለዚሁ ችግር ነው። እውነት ነው፣ የፓንክ ባንዱ የክላሽ ጆ ስትራመር አብዛኛውን ጊዜ ሲንግል ኮይል ባለው ቴሌካስተር ተጫውቷል። ግን እሱ የተጫወተበት ቤትና የኛ ቤት መብራት አንድ አይደለም። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የሌለው ሶኬት ላይ ዲስቶርሽን ስትከፍቱ ሲንግል ኮይል ከዘፈኑ በላይ ራሱ ይዘፍናል። የሌላው የፓንክ ባንድ የግሪን ዴይ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ ታዋቂ ሰማያዊ ጊታር ስትራቶካስተር መሳይ ሆኖ ብሪጁ ላይ ሃምበከር የተገጠመለት ነው። ያማሃ ፓሲፊካ 112ም አሠራሩ እንዲሁ ስለሆነ ለጀማሪ ከምመክራቸው አንዱ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ራሱ ብሪጁ ነው። የማይነቃነቅ ይሁን። እኔ በማንሻ የሚወዛወዝና ክሮቹን በብሎን የሚቆልፍ ዓይነት ገዛሁ፣ ስላማረኝ ብቻ። እንዲህ ያለው ብሪጅ በክሮቹ ጉተታና ከጀርባ ባሉት ስፕሪንጎች መካከል ሚዛን ጠብቆ የሚንሳፈፍ ስለሆነ አንድ ክር ሲበጠስ ሚዛኑ ይፈርስና አምስቱም ከቅኝት ይወጣሉ። አንዱን ስትቃኙ ሌላው ይሸሻል። ፓንክ ደግሞ ክር ይበጥሳል። እጃችሁ ላይ ያለው ተራ ስትራቶካስተር መሳይ ከሆነ አትሽጡት፤ ከጀርባ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታችሁ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ ብሪጁ ገላው ላይ ተኝቶ አልነሣም እስኪል ድረስ። ማንሻውን መሳቢያ ውስጥ ጣሉት።

አሮጌ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) የለውም፤ «ይሠራል፣ እመነኝ» ነው መልሱ። ቴስተር ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ኬብል ሰክታችሁ የጊታሩን ድምፅ መጨመሪያ እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ በኬብሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ኦም አስለኩ። ሃምበከር ከ7 እስከ 16 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ ሲንግል ኮይል ከ5 እስከ 7 ገደማ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) ተነቅሏል፤ ጃክ ርካሽ ነው፣ ፒክአፕ ግን አይደለም። ከዚያ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩ። ወደ ጎን የተጣመመ አንገት አይድንም። ወደ ፊት ትንሽ የጎበጠ ግን ውስጡ ባለው ዘንግ ይስተካከላል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ (አንገቱ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) እየተጫናችሁ ምቱ፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ ፍሬቱ ተነሥቷል ማለት ነው።

ስለ መብራት ሳልናገር ወደ ሙዚቃው አልገባም፤ ትልቁ ኪሳራዬ እዚህ ነውና። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ የኛ 220 ቮልት ሶኬት ውስጥ በቀጥታ መሰካት ማለት መቅበር ማለት ነው። የኔው አንዴ ጧ ብሎ ሸተተ፣ በቃ። 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት አምፑ ጀርባ ከተጻፈው የፍጆታ ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ኋላው ላይ የቮልት መምረጫ ያለው አምፕም አለ፤ እሱን ሳትሰኩ በፊት አዙሩት። ፔዳልም የራሱ ወጥመድ አለው። አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ሆኖ የአዳፕተሩ መሐል ኔጌቲቭ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚገኘው የሌላ ዕቃ አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። ቀዳዳው ልክ ስለሆነ ብቻ አትሰኩ፣ አዳፕተሩ ላይ የተሣለችውን የክብ ምልክት እዩ። እናት ምጣድ ስትሰካ አምፑ ድምፁ ከደከመ ደግሞ ዕቃው አልተበላሸም፤ ቮልቱ ወርዶ ነው። የእንጀራውን ቀን አክብሩ።

አንድ ነገር በቀልድ የማይታለፍ አለ። ክሩን ስትነኩ እዝታው ከቀነሰ ጤነኛ ነው። ክሩን ነክታችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ላይ ሲደርስ ከነዘራችሁ ግን ወዲያው አቁሙ። ከተለያየ ሶኬት የተሰኩ ዕቃዎች ኧርዛቸው ሳይገናኝ ሲቀር የሚመጣ ነው፣ ሰው ይገድላል። የጊታሩን አምፕም ሚክሰሩንም ኧርዝ ካለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡ።

ወደ ክር እንምጣ። መጀመሪያ የገጠምኩት የአኮስቲክ ጊታር ክር ነበር፤ መልኩ ወርቅማ ነው። ፒክአፕ ማግኔት ስለሆነ የሚሰማው ብረትና ኒኬልን ነው፤ ነሐስ የተጠቀለለበት ክር ወፍራሞቹ ላይ ደክሞ ቀጭኖቹ ላይ ይጮሃል። ፓኬቱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚል ይኑረው፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 46 የሚባለው ይሁን። በ9 የሚጀምረው ለሶሎ ይመቻል፤ ለፓንክ ምት ግን ይላላል፣ ስትጠነክሩበት ድምፁ ከቅኝት በላይ ይዘላል። አዲስ አበባ ሰው ሲሄድ ሦስት አራት ፓኬት አስመጡ፣ ከተቻለ የመጀመሪያዋን ቀጭን ክር ለብቻዋ ጨምሩ። አዲስ ክር ከገጠማችሁ በኋላ በእጃችሁ እየሳባችሁ አራት አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ ቃኙ፤ ካልተሳበ ሳምንቱን ሙሉ ይሸሻል። ክሩ በሚያልፍበት የአንገት ጫፍ ቁራጭ ቦይ ውስጥ የእርሳስ ጫፍ አሹበት፤ ሲቃኝ ቲክ እያለ የሚዘለው ይቀራል።

ማስተካከሉን ራሳችሁ ልመዱት፣ አይከብድም። አንደኛው ፍሬት ላይና መጨረሻው ፍሬት አካባቢ ወፍራሙን ክር ተጭናችሁ ሰባተኛውና ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ የአንገቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ አዙራችሁ፣ ዳግም ቃኝታችሁ እንደገና ለኩ። በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር የሚያዞር ሰው ዘንጉን ይበጥሰዋል። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ከፍታ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፣ የቀጭኑ ከ1.5 ብዙም አይብለጥ። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክታችሁ የምታገኙትን ድምፅና ተጭናችሁ የምታገኙትን በስልክ መቃኛ አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ የብሪጁን መቀመጫ ወደ ኋላ ውሰዱ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። እኔ ይህን ሳላውቅ ላይኛው ፍሬት ላይ የሚበላሸውን ኮርድ ሁሉ በጆሮዬ ድክመት ሳሳብብ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ቀኝ እጅ። ጆኒ ራሞን ከፓንክ ባንዱ ከራሞንስ ጋር የተጫወተው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ታች ብቻ እየመታ ነው። ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈራረቃችሁ ብትመቱ ፍጥነቱ ይደርስ ይሆናል፣ ግን ድምፁ ሌላ ነው፤ ወደ ላይ የሚመታው ቀጭኖቹን ክሮች አስቀድሞ ስለሚያገኝ ጉልበቱ ይሳሳል። አንድ ዘፈን በደቂቃ 175 ምት ገደማ ቢሄድና በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ብትመቱ በሴኮንድ ስድስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ምት ነው። ከዚህ አትጀምሩ። ምት የሚቆጥር የሜትሮኖም አፕ በደቂቃ 100 ምት ላይ ክፈቱ፣ ክሮቹን በግራ እጅ አፍናችሁ ቸክ ቸክ የሚለውን ብቻ ለሁለት ደቂቃ ምቱ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፉ፣ 5 ጨምሩ። ክርናችሁ መወዛወዝ የጀመረበት ቁጥር የዛሬው ጣሪያችሁ ነው፤ እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ መምጣት አለበት። ክንድ ሲደክም ያለ ነው፤ አንጓው ላይ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ጊታሩን አስቀምጡና ለቀናት አትንኩት። እኔ በእልህ ገፍቼ አንድ ወር ሙሉ ጀበና ማንሣት አቅቶኝ ነበር።

ፒክ (ክር መምቻዋ ፕላስቲክ) ከ0.73 እስከ 0.88 ሚሊ ሜትር ያለው ይመቻል። በጣም ቀጭኑ ይተጣጠፋል፣ በጣም ወፍራሙ ክር ይበጥሳል። ፒክ ከጠፋ ደግሞ ሲም ካርድ ሲገዛ ቺፑ የሚነቀልባት ፕላስቲክ ካርድ አለች አይደል? ውፍረቷ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። በመቀስ ቆርጣችሁ ጠርዟን ደረቅ ግድግዳ ላይ አሹት። ከፒኩ ጫፍ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ከጣታችሁ ይውጣ፤ ብዙ ካስረዘማችሁት ክር ውስጥ እየተሰነቀረ ያዘገያችኋል።

የግራ እጁ ነገር ቀላልም ከባድም ነው። ሙሉ ኮርድ በዲስቶርሽን አትጫወቱ። ዲስቶርሽን የገባለትን ድምፅ ሁሉ እርስ በርስ እያጋጨ አዳዲስ ድምፅ ስለሚፈለፍል ኮርዱ ውስጥ ያለችው ከመነሻው ሦስተኛ የሆነች ድምፅ ጭቃ ታደርገዋለች። ፓወር ኮርድ ግን መነሻ ድምፁና ከእሱ አምስተኛው ድምፅ ብቻ ስለሆነ ይስማማል። ስድስተኛው (በጣም ወፍራሙ) ክር 5ኛ ፍሬት ላይ አመልካች ጣት፣ አምስተኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ የቀለበት ጣት፤ ይህ ኤ ነው። ቅርጹን ሳትቀይሩ ወደ አምስተኛውና አራተኛው ክር ብታወርዱት ዲ፣ ከዚያ ሁለት ፍሬት ብትገፉት ኢ። ከባዱ የማትፈልጉትን ክር ዝም ማሰኘት ነው። አመልካች ጣታችሁ ጠፍጠፍ ብሎ ቀጭኖቹን ክሮች ሳይጫን ይንካ፤ መነሻው አምስተኛው ክር ላይ ሲሆን ደግሞ የጣቱ ጫፍ ስድስተኛውን ነክቶ ያፍነው። እንዲህ ከሆነ ቀኝ እጅ ስድስቱንም ቢመታ ሁለቱ ብቻ ይሰማሉ።

እዚህ ላይ የወሎ ልጅ ዕድለኛ ነው። ክራር በግርፍ ሲመታ ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ የማይፈለጉትን ያፍናሉ፣ የሚፈለገው ብቻ ይለቀቃል። ክራር የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ የግራ እጁን አጠገቡ ተቀምጣችሁ እዩ። እኔ ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ የተማርኩት ከዚያ ነው።

የመጀመሪያ ዘፈን ከራሞንስ ይሁን። የመጀመሪያው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የተቀናበረው ቤዙ በአንድ ጆሮ ጊታሩ በሌላው ጆሮ እንዲሰማ ተደርጎ ነው፤ ጊታሩ በቀኝ፣ ቤዙ በግራ። ለተማሪ የተሠራ ይመስላል። የግራውን ማዳመጫ አውልቃችሁ ጊታሩን ያለ ቤዙ አጥኑት፤ ሲገባችሁ ቀኙን አውልቁና ከቤዙና ከከበሮው ጋር እናንተው ጊታሩን ተኩት። መክፈቻው ብሊትዝክሪግ ቦፕ በአብዛኛው በእነዚያው ኤ፣ ዲና ኢ ላይ ነው የሚሄደው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ዘፈኑን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙት፣ ፍጥነቱንም በ75 በመቶ ጀምሩት።

ቀጥሎ ዝግ ያለ ዘፈን ልመዱ፣ ዝምታ እንድትማሩ። የክላሽ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሹድ አይ ስቴይ ኦር ሹድ አይ ጎ ዲና ጂን እየመታ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጀማሪ የሚጋለጠው እዚያ ማቆሚያ ላይ ነው። ጣታችሁን ከክሩ አታንሡ፤ መጫኑን ብቻ ልቀቁ፣ የቀኝ መዳፍም ይውደቅበት። ካነሣችሁት ክሩ ራሱ ይጮሃል።

ከዚያ ግሪን ዴይን የሚሞክር ሰው የሚገባበትን ጉድጓድ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ዱኪ አልበም ላይ ያለው ባስኬት ኬዝ ጊታሩ ግማሽ ቶን ዝቅ ተደርጎ የተቃኘ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትክክለኛውን ኮርድ እየያዝኩ ከዘፈኑ ጋር አልገጥም ብሎኝ ጊታሩን ልሸጠው ነበር። ስድስቱንም ክር ግማሽ ቶን አውርዱ፤ የስልክ መቃኛው ኢ ፍላትን ዲ ሻርፕ ብሎ ቢያሳያችሁ ያው ነው። የዘፈኑ መግቢያ ላይ ያለውን የታፈነ ምት ለማግኘት የቀኝ መዳፋችሁን ጠርዝ ክሩ ከብሪጁ በሚነሣበት ጫፍ ላይ አሳርፉ። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ መሐል ከተጠጋችሁ ድምፁ ይሞታል።

አሁን አምፑንና ፔዳሉን አንሡ። ለቤት ከ10 እስከ 20 ዋት ይበቃል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል፤ የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት ላይ ዝጉት። ጌኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ከ10 ውስጥ 5 ላይ አድርጉ፣ ቤዝ 5፣ ሚድ 7፣ ትሬብል 6። እኔ ጌኑን 10 አድርጌ ሚዱን ዜሮ አወርደው ነበር። ብቻዬን ስሆን ግርማው ያስፈራል፤ ከበሮና ቤዝ ሲገቡ ግን ጠፋሁ፣ የጊታር ቦታው ሚዱ ነዋ። ጌን ሲበዛ ደግሞ ምቱ ከምቱ አይለይም፣ ማቆሚያውም ላይ ፉጨት ይተካል።

አምፕ ሳይኖር ፔዳሉን በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ሰክቶ በሞንታርቦ ማጫወት ብዙ ቦታ ያለ ልማድ ነው። ድምፁ የታሰረ ዝንብ የሚመስለው ለዚህ ነው፦ የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥላል፣ ሞንታርቦ ግን ሁሉንም ያወጣዋል። ትንሿን አምፕ መድረክ ላይ አድርጋችሁ ከስፒከሯ ፊት ማይክ አቁሙላት፤ ካልሆነም የፔዳሉን ቶን አውርዳችሁ የሚክሰሩን ሃይ ቀንሱ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ጊታሩን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አታስጭኑ፣ ጭናችሁ ላይ ያዙት። ከላይኛው ብርድ ወደ ሙቀት 600 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል፤ ሙቀት ብረት ስለሚለጥጥ ክሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ ይጠብቃችኋል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፣ ከዚያ ቃኙ። በክረምቱ ጉም ደግሞ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ አለዚያ በሳምንቱ ይዝጋል።

እጃችሁ ሲፈታ የራሳችሁን መሥራት ትፈልጋላችሁ፤ ያኔ ቅኝቶቻችን በቂ ናቸው። ከኢ ተነሥታችሁ አምባሰልን ብትዘረጉት ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። የኢ፣ የኤፍና የኤ ፓወር ኮርዶች አምስተኛቸው ሁሉ ቅኝቱ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ክፍቱን ስድስተኛ ክር፣ 1ኛ ፍሬትና ክፍቱን አምስተኛ ክር ብቻ እያፈራረቃችሁ ወደ ታች ብትመቱ ሳይጣመም አምባሰል ሆኖ ይወጣል። ባቲ ማይነር ደግሞ የኢ፣ የጂ፣ የኤና የዲ ፓወር ኮርዶችን ይሰጣችኋል፤ እሱ ሳትነኩትም ሮክ ነው። አንቺሆዬ ግን እምቢ ይላል። መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ ስትይዙ የምትጨምሩት አምስተኛ ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ የለም፣ ወዲያው ይፈርሳል። እዚያ ኮርዱን ልቀቁና ዜማውን በአንድ ክር ብቻ፣ ሌላውን አፍናችሁ ምቱት።